ማሳሰቢያ፦ በጎተራችን ስለሚያድረው የማይጠፋ መርዝ

ለደባርቅ፣ ለዳባት፣ ለአዲ አርቃይና ለስሜን ግርጌ ነዋሪዎች፤ ለወረዳና ለዞን ኃላፊዎች፤ ለዩኒቨርሲቲዎቻችን መምህራን።

ወዲያው የሚገድለውን መርዝ የአገራችን ሰው ያውቀዋል፤ ይፈራዋልም። ፎስቶክሲን የሚባለው የነቀዝ መርዝ ስንት ቤት እንዳጨለመ ስለምናውቅ ስሙ ሲነሳ እንጠነቀቃለን። እኔን የሚያሳስበኝ ሌላው ነው። ሲነሰንሱት አያስነጥስም። እጅ ላይ ቢቀር አያሳክክም። እህሉን ከነቀዝ ይጠብቃል፤ በዚያው ሰሞን ማንንም አያሳምምም፤ ስለዚህም የሚጠይቀው የለም። ግን አይሄድም። በአፈር፣ በላም ጮማ፣ በቅቤ፣ በእናት ጡት ወተት እየተጠራቀመ ከእኛው ጋር ዓመታት ይኖራል። ጉዳቱ ሲገለጥ ዱቄቱ መቼና ከማን እንደተገዛ የሚያስታውስ ሰው አይገኝም።

በገበያ ቀን ወጣ ብሎ ማየት ነው። ከጨውና ከክብሪት ጎን፣ በትንሽ ፌስታል የተቋጠረ ነጭ ዱቄት ተደርድሯል። ስም የለው፣ የተሠራበት ቀን የለው፣ የመርዝ ምልክት የለው። አንዲት እናት ቆም ብለው «ለባቄላ ይሆናል ወይ?» ይላሉ። «ለባቄላም ለገብስም ይሆናል እናቴ፤ ነቀዝ ድርሽ አይልም» ይላቸዋል ሻጩ ልጅ። «ስንት ይበቃዋል?» «ለአንድ ኩንታል አንዷ ትበቃለች።» ከፍለው ይሄዳሉ። ልጁ አልዋሸም፤ የነገሩትን ነው የተናገረው። እሱ የገዛው ከከረጢት እየሰፈረ ከሚያከፋፍል ነጋዴ ነው፤ ያም ነጋዴ ከሌላ። በዚህ ሰንሰለት ውስጥ ክፉ ሰው ላይኖር ይችላል። የዱቄቱን ስም የሚያውቅ ሰውም የለም። አደጋው የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው።

አንድ ኬሚካል ከሰው መሀል ከመግባቱ በፊት ሦስት ነገር ሊጠየቅ ይገባል። ይቆያል ወይ? በሰውነት ይጠራቀማል ወይ? ይጎዳል ወይ? ለእነዚህ ጥያቄዎች ልክ ተበጅቶላቸዋል። የማይጠፉ መርዞችን በሚቆጣጠረው ዓለም አቀፍ የስቶክሆልም ስምምነት መሠረት አንድ ኬሚካል መጠኑ በግማሽ እስኪቀንስ በውኃ ውስጥ ከሁለት ወር በላይ፣ በአፈር ውስጥ ከስድስት ወር በላይ ከፈጀ ቆይታው ያሰጋል። በዓሣ ገላ ውስጥ የሚገኘው መጠን ዓሣው ከሚኖርበት ውኃ ከ5,000 እጥፍ በላይ ከሆነ ደግሞ የሚጠራቀም ነው ይባላል። አውሮፓውያን ለራሳቸው አጥብቀው ለአፈር 120 ቀን፣ ለዓሣ 2,000 እጥፍ ብለዋል። ሦስተኛው፣ የጉዳቱ ጥያቄ፣ ካንሰርን፣ የፅንስን መጎዳት፣ የመውለድ ችግርን፣ የሕፃናትን እድገት ሁሉ ይመለከታል።

ሦስቱ በአንድ ኬሚካል ላይ ሲገጥሙ ነው ነገሩ የሚከፋው። ማላታይን መርዝ ነው፤ እርጥብ አፈር ላይ ግን በቀናትና በሳምንታት ይፈርሳል። (ደረቅ እህል ላይ ሲሆን ለወራት ሊቆይ ይችላል፤ ይህን ማንም ሻጭ ሲናገር አልሰማሁም።) ዲዲቲ ሦስቱንም ያሟላል። በአፈር ውስጥ በግማሽ ለመቀነስ ከ2 እስከ 15 ዓመት ይፈጅበታል። አሥር ዓመት ብለን እናስላው። ዛሬ አንድ ኪሎ ማሳ ላይ ቢወድቅ የዛሬ አሥር ዓመት ግማሽ ኪሎ፣ የዛሬ ሃያ ዓመት ሩብ ኪሎ፣ የዛሬ ሠላሳ ዓመት 125 ግራም እዚያው ማሳ ላይ አለ። ዘንድሮ የተወለደው ልጅ ያኔ ራሱ የልጆች አባት ነው። የፈረሰውም ቢሆን በአብዛኛው ዲዲኢ ወደሚባል፣ እንዲያውም ከዲዲቲ የበለጠ ወደሚከርም ነገር ይለወጣል እንጂ ጨርሶ አይጠፋም። የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ተቋም እ.ኤ.አ. በ2015 ዲዲቲን ካንሰር ሳያመጡ አይቀሩም ተብለው ከሚገመቱት ምድብ አስገብቶታል።

ሕዝባችን ዲዲቲን ያመነው በከንቱ አይደለም፤ ይህን ሳልናገር ማለፍ ፍርደ ገምድልነት ነው። እ.ኤ.አ. በ1953 በደምቢያ የገባው ወባ ሺዎችን ጨርሷል። የጎንደር ጤና ኮሌጅ በማግስቱ ዓመት የተቋቋመው ያን መሰል እልቂት ለመከላከል ነበር። እ.ኤ.አ. በ1958 ደግሞ ወባ ደጋማውን የአገራችንን ክፍል ሳይቀር አጥለቅልቆ ወደ 3 ሚሊዮን ሕዝብ ታመመ፤ 150,000 ያህሉ ሞተ ተብሎ ተገምቷል። ዲዲቲ በቤት ግድግዳ ላይ የተረጨው በዚያ ዘመን ነው፤ ደምቢያም ከመጀመሪያዎቹ የሙከራ ቦታዎች አንዱ ነበረ። ልጆቻቸው የተረፉላቸው አያቶቻችን ያን ነጭ ዱቄት ቢባርኩት አያስነቅፋቸውም። ትንኟ ለምዳው አልሞትም እስክትል ድረስ፣ እስከ 2002 ዓ.ም. ገደማ፣ ለወባ መከላከያ ሲረጭ ቆይቷል። አዳሚ ቱሉ ባለው ፋብሪካም እዚሁ አገር ውስጥ ይዘጋጅ ነበር።

ስህተቱ የመጣው እምነቱ ቦታ ሲለቅ ነው። ለግድግዳ የታዘዘው ወደ ጎተራ ገባ፤ ከጎተራ ወደ ማሳ ወረደ። በኢትዮጵያ ጫት ላይ ተመርምሮ ተገኝቷል። በጅማ፣ በሰርቦና በአሰንዳቦ የእናቶችና የላሞች ወተት ተመርምሮ ዲዲቲ እንዳለበት እ.ኤ.አ. በ2013 የታተመ ጥናት አሳይቷል። በዝዋይ ሐይቅ ደግሞ በምግብ ሰንሰለቱ ወደ ላይ በተወጣ ቁጥር በዓሦቹ ገላ ውስጥ ያለው የዲዲቲ መጠን እየጨመረ እንደሚሄድ ታይቷል። ይህ የሌላ አገር ወሬ አይደለም። ጅማም ዝዋይም የሚሸመተው እኛ ከምንሸምትበት አንድ የኢትዮጵያ ገበያ ነው።

እዚህ ላይ ስለ ብርዳችን ልናገር፤ የስሜን ግርጌን ጉዳይ ከሌላው የሚለየው እሱ ነውና። አንድ ኬሚካል በስንት ቀን እንደሚፈርስ የሚለካው ቤተ ሙከራ ውስጥ ነው፤ ብዙውን ጊዜም በ20 ዲግሪ ሴንቲግሬድ። ደባርቅ ወደ 2,850 ሜትር ከፍታ ላይ ናት። ሌሊት ከ10 ዲግሪ በታች ይወርዳል። ከዚያ በላይ፣ በሳንቃበርና በጨነቅ፣ ውርጭ ይጥላል። ሙቀቱ በአሥር ዲግሪ በቀነሰ ጊዜ ኬሚካል በአፈር ውስጥ የሚፈርስበት ጊዜ ከሁለት እጥፍ በላይ ይረዝማል ተብሎ ይሰላል። ስለዚህ ወረቀቱ ላይ 60 ቀን ተብሎ የተጻፈለት ኬሚካል ሙቀቱ 10 ዲግሪ በሚሆንበት ብርድ 150 ቀን ሊሞላው ይችላል፤ አውሮፓውያን ለአፈር ያበጁትን ልክ አለፈ ማለት ነው። ሻጩ የሚያሳየን ወረቀት ሐሰት ላይሆን ይችላል፤ የተለካው ግን ለእኛ አየር አይደለም። አውሮፓውያን ይህን ተረድተው ስሌቱን ወደራሳቸው አማካይ ሙቀት፣ ወደ 12 ዲግሪ፣ አውርደው ይመረምራሉ። የእኛ መዝጋቢዎች ደጋውን በደጋ ልክ የማይመዝኑበት ምክንያት የለም።

ሌላም አለ። እንደ ዲዲቲ ያሉ የሚቆዩ ኬሚካሎች በቆላ ሙቀት ይተናሉ፤ ከንፋስ ጋር ወጥተው ቀዝቃዛ ተራራ ሲያገኙ ይረጋሉ። የድስት እንፋሎት ክዳኑ ላይ ውኃ ሆኖ እንደሚንጠለጠለው ነው። በአልፕስ፣ በሂማላያና በካናዳ ተራሮች ከእርሻ ርቆ በሚገኝ በረዶና ሐይቅ ውስጥ የተገኙት በዚህ መንገድ ነው። ስሜንም ከሰፊ ቆላ በላይ የቆመ ብርዳም ተራራ ነው፤ ከሥሩ ተከዜ፣ ከምዕራቡ መተማና ሁመራ። ጥጥና ሰሊጥ ላይ የሚረጨው ሁሉ እዚያው የረጩበት ቦታ ይቀራል ብሎ ማሰብ አያዋጣም።

ከጎተራው እስከ ሕፃኑ ያለውን መንገድ ልከተለው። ዱቄቱ ዲዲቲ ነው እንበል። ባቄላው ዱቄት ተነስንሶበት ከረመ። ሲታጠብ እጣቢው ደጅ ተደፋ፤ ዶሮ ጫረችው። ክክ ሲወጣ ገለባው ለላሟ ተሰጠ። ዲዲቲ በውኃ አይሟሟም፤ ጮማ ያገኘ እንደሆነ ግን ይጣበቃል። ስለዚህ ላሟ የበላችው ከሽንቷ ጋር አልወጣም፤ ጮማዋ ውስጥ ተቀመጠ፤ ስትታለብ ከወተቱ ስብ ጋር ወጣ። ወተቱ ሲናጥ ስቡ ወደ ቅቤው ተሰበሰበ፤ መርዙም አብሮት። ቅቤውን አራሷ በላች፤ አራስ ማስባት ባህላችን ነው፤ ደግ ባህልም ነው። በእሷ ገላ ውስጥ ደግሞ ከልጅነቷ ጀምሮ የበላችው ሁሉ ተጠራቅሞ ቆይቷል። ከዚያ ጡት ታጠባለች። ዕድሜ ልኳን ያጠራቀመችው በወተቷ ስብ እየሟሟ ወደ ልጁ ይፈሳል፤ ከልጆቿም ይበልጥ የሚደርሰው የመጀመሪያው ነው።

እናቶች ሆይ፣ ይህን አንብባችሁ ጡት ማጥባት እንዳታቆሙ። አጥብቄ እለምናለሁ። የእናት ጡት ወተት ሕፃንን ከተቅማጥና ከሳንባ ምች የሚጠብቅበት ጥቅም ከዚህ ጉዳት እጅግ ይበልጣል፤ የዓለም ጤና ድርጅትም አጥቡ ነው የሚለው። መቆም ያለበት ወተቱን የሚበክለው ነገር ነው፤ እሱም በአባወራው፣ በነጋዴውና በባለሥልጣኑ እጅ ላይ ነው።

የመርዙ ዕቃም ያሳስበኛል። ከዳባትና ከደባርቅ ወገን በየዓመቱ ወደ መተማና ሁመራ ለሰሊጥ ሥራ የሚወርደው ወጣት ብዙ ነው። ሲመለስ ጥሩ ጀሪካን ይዞ ቢመጣ ቤተሰቡ ደስ ይለዋል። ያ ጀሪካን ምን ተይዞበት እንደነበር ግን ይጠየቅ። ፀረ ተባይና ፀረ አረም የነበረበት ዕቃ በአመድና በአሸዋ ሰባት ጊዜ ቢታጠብ አይጠራም፤ ፕላስቲኩ ራሱ መርዙን ጠጥቶታል። ጠላ፣ ዘይት፣ ውኃ፣ አረቄ አይቀመጥበትም። ሦስት ጊዜ በውኃ አለቅልቆ እጣቢውን እዚያው መርጫው ውስጥ መጨመር፣ ከዚያ ዕቃውን በስቶ ማበላሸት ነው ያለው መንገድ። ከተበሳ በኋላም አይቃጠል። ፕላስቲክና መርዝ ሜዳ ላይ ሲቃጠሉ ዳዮክሲን የሚባል፣ ከዲዲቲ ባልተናነሰ የሚከርም ሌላ መርዝ ይወለዳል። በከተሞቻችን ዳር ቆሻሻ የሚያቃጥሉ ማዘጋጃ ቤቶችም ይህን ይስሙ።

ስለ አይጥ መርዝም አንድ ቃል። ብሮዲፋኩም የሚባለውና ዘመዶቹ በአይጧ ጉበት ውስጥ ለወራት ይቀራሉ። የበላችው አይጥ ወዲያው አትሞትም፤ ደክማ ሜዳ ላይ ትንከላወሳለች፤ ለአዳኝም ትመቻለች። ቀይ ቀበሮ በዓለም ላይ 500 ያህል ብቻ ቀርቷል፤ የሚኖረውም በኢትዮጵያ ብቻ፣ የሚበላውም አይጥ ነው። ከመኖሪያዎቹ አንዱ የሆነው የስሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ እ.ኤ.አ. በ1978 በዓለም ቅርስነት ተመዝግቦ፣ በ1996 አደጋ ላይ ካሉት መዝገብ ገብቶ፣ በብዙ ድካም በ2017 ነው ከዚያ የወጣው። በፓርኩ ዳር ያለን ሰዎች አይጥን በወጥመድ እንያዝ። ድመትም አለች።

አሁን ወደ ኃላፊዎች።

ሕግ የለም ማለት አይቻልም። ኢትዮጵያ የስቶክሆልምን ስምምነት በአዋጅ ቁጥር 279/1994 አጽድቃለች። የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995 አለ። የፀረ ተባይ ምዝገባና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 674/2002 ያልተመዘገበ ፀረ ተባይ እንዳይሸጥ ይከለክላል። ስምምነቱ እ.ኤ.አ. በ2001 ሲፈረም 12 ኬሚካሎችን ይዞ ነበር፤ ዛሬ ከ30 በላይ ናቸው። ኢንዶሰልፋን የሚባለው ፀረ ተባይ በ2011 ገባ። ክሎርፓይሪፎስ በ2025 ገባ፤ ይህ ኬሚካል በቅርቡ የበረሃ አንበጣ በመጣ ጊዜ በምሥራቅ አፍሪካ ከተረጩት አንዱ ነበር። መዝገቡ እያደገ ነው። ትናንት የተፈቀደው ዛሬ ይከለከላል። የወረዳ ባለሙያ ጠረጴዛ ላይ ያለው ዝርዝር የስንት ዓመት እንደሆነ እያንዳንዱ ኃላፊ ዛሬውኑ ወርዶ ይመልከት።

የቸልታ ዋጋ ምን እንደሆነም አገሪቱ አይታዋለች። በኢትዮጵያ አቆጣጠር ከ1950ዎቹ ጀምሮ በየመጋዘኑ የተከማቸ፣ ጊዜው ያለፈ ፀረ ተባይ በርሜሉ እየበሰበሰ ወደ አፈር ሲፈስ ቆይቶ፣ በ1990ዎቹ በተባበሩት መንግሥታት የምግብና የእርሻ ድርጅት ድጋፍ ወደ 1,500 ቶን ያህሉ ተሰብስቦ፣ ታሽጎ፣ በመርከብ ተጭኖ ፊንላንድ ድረስ ሄዶ በልዩ ምድጃ ተቃጠለ። አገር ውስጥ የሚያቃጥለው ስላልነበረ ነው። የመጣው በእርዳታ ወይም በርካሽ ነበር፤ ማስወገጃው ግን ብዙ ሚሊዮን ዶላር በላ። ያኔ የተሰበሰበው በመጋዘን የነበረው ነው። በየቤቱ አልጋ ሥርና በየጎተራው ጥግ ተቋጥሮ ያለውን ማንም አልሰበሰበውም።

የሰሜን ጎንደር ዞን ግብርና በደባርቅና በዳባት ገበያ ያለስም የሚሸጠውን ዱቄት ናሙና ይውሰድ። ሻጮቹን ልጆች አስሮ ዱቄቱን ማፍሰስ መፍትሔ አይደለም፤ የፈሰሰው ተመልሶ ወንዝ ይገባል፤ ሽያጩም ወደ ጓሮ ይሸሻል። ናሙናው ይመርመር፤ ስሙ ይታወቅ፤ ውጤቱ በገበያ ቀን በድምፅ ማጉያ ይነገር። የኢትዮጵያ ግብርና ባለሥልጣንም ለደጋ የሚመዘገብ ኬሚካል በደጋ ሙቀት የሚፈርስበት ጊዜ እንዲሰላ አስመጪውን ያስገድድ። ይህ አዲስ ፋብሪካ አይጠይቅም፤ አንድ ገጽ ስሌት ነው።

ለጎንደርና ለደባርቅ ዩኒቨርሲቲዎች የምለው ደግሞ ይህ ነው። በዳባት ከ1989 ዓ.ም. ጀምሮ የጎንደር ዩኒቨርሲቲ ማዕከል ውልደትና ሞትን ቤት ለቤት እየመዘገበ ይገኛል። ይህን ያህል ዘመን የተከማቸ መዝገብ ያለው ወረዳ በአገራችን ጥቂት ነው። በዚያ መዝገብ ላይ ፈቃደኛ ከሆኑ አራሶች ወተት፣ ከገበያ ቅቤ፣ ከጎተራ ባቄላ፣ ከተራራው ግርጌ ምንጭ ደለል ጥቂት ናሙና ቢታከልበት፣ የቆላውና የደጋው ልዩነት፣ የትናንቱና የነገው ለውጥ ይለካል። እናቶችም ውጤቱን በአክብሮት ይነገራቸው፤ ናሙናቸው ተወስዶ ዝም አይባሉ።

እስከዚያው በእጃችን ያለውን እናድርግ። ነቀዝ አየር ሲያጣ ይሞታል። አየር የማያስገባው ባለሦስት ድርብ ከረጢት፣ ብዙ ሰው ፒክስ የሚለው፣ እህል በደንብ ከደረቀና አፉ ጠብቆ ከታሰረ ያለ አንዳች ዱቄት ያከርማል። ዋጋው ከአንድ ፌስታል ዱቄት ይበልጣል፤ ካልተቀደደ ግን ደግሞ ደጋግሞ ያገለግላል። የገበሬ ማኅበራት በጅምላ ቢያስመጡት ይረክሳል። ፀረ ተባይ የግድ ካስፈለገ ደግሞ በታሸገ ዕቃው፣ በአማርኛ ጽሑፉ፣ የምዝገባ ቁጥሩ እየታየ ይገዛ፤ ቋጥሮ የሚሸጥ ልጅ «ስሙ ማነው?» ሲባል ካልመለሰ ገንዘባችን ኪሳችን ይመለስ።

ቤታችሁ ስሙ የማይታወቅ ዱቄት ወይም ያረጀ ጠርሙስ ካለ ሽንት ቤት አትጨምሩት፤ አትቅበሩት፤ አታቃጥሉት፤ ለጎረቤት አትስጡት። በሁለት ፌስታል ደራርባችሁ እሰሩት፤ ክዳን ባለው ዕቃ ውስጥ አድርጉት፤ ልጅ ከማይደርስበት፣ እህልና ውኃ ከሌለበት ቆልፉበት፤ ለቀበሌያችሁ የግብርና ባለሙያ አስመዝግቡ። ወረዳዎችም መዝግቡ ብቻ ብላችሁ አትቅሩ። የተመዘገበውን የምትቀበሉበት፣ ወለሉ ሲሚንቶ የሆነና የሚቆለፍ አንድ ክፍል አዘጋጁ፤ ቁልፉን የሚይዝ አንድ ሰው በስም መድቡ። ባቄላው ተወቅቶ ወደ ጎተራ የሚገባው በታኅሣሥና በጥር ነው። ክፍሉ ከዚያ በፊት ይከፈት።